የኮመጠጠው መሬት

ከአዲሱ ገበያ ወደ ሽሮ ሜዳ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ፣ ጎናቸው የተቀመጠውን ወጣት ገበሬ ስለያዘው ከረጢት ጠየቁት።

«የጨንቻ ገብስ ነው፣ አባባ።»

«ጨንቻ? እኔም የዚያ ሰው ነኝ። መሬታችን ሞቶብን ነው ሸማ ሥራ የገባሁት።»

«አልሞተም እኮ! ኮምጥጦ ነው። አፈሩን ስናስመረምር አሲድ በዝቶበታል አሉን። ማዳበሪያ ብንጨምርም ሰብሉ አይጠቀምበትም ነበር። ከዚያ አሲዱን እንዲቀንስልን ኖራ በተንንበት።»

«ኖራ? ግድግዳ የሚቀባው?»

«እሱን የሚመስል፣ ለእርሻ የሚፈጭ። ዘንድሮ ገብሱ ደረቴ ደረሰ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ከረጢቱ ውስጥ ከተቱ።

«አባቴ ተረግመናል እንዳለ ነው የሞተው።»

«እርግማን አልነበረም፣ አባባ።»

«ኖራ! የፈጣሪ ያለህ፣ ኖራ ብቻ!»

ሽሮ ሜዳ ደርሰን ሰው ሁሉ ሲወርድ፣ እሳቸው የጨበጡትን ገብስ እስኪለቁ ድረስ እኔም ከመቀመጫዬ አልተነሣሁም።