በቅልጥሜ ላይ ያሉት ሁለት ጥቁር ነጥቦች

የምስክር ስም፦ ኬርስቲን ላህቲ
ዕድሜ፦ 27
ሥራ፦ ፀጉርን በኤሌክትሪክ ከሥሩ የማንሳት ሙያ ተለማማጅ
አድራሻ፦ ሚኒሶታ፣ ዱሉዝ ከተማ፣ ከወደቡ በላይ ባለው ሠፈር
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማርች 9 ቀን 1994 እ.ኤ.አ.

ተጠርጣሪዋ ወይዘሮ ቬርና ሃልቮርሰን የሙያ አስተማሪዬ ናቸው። እሳቸው ዘንድ ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የግል ተበዳይ ወይዘሮ ጆሊን ፕሩዶምን የማውቃቸው በደንበኝነታቸው ነው። ከሁለቱም ጋር ጠብ የለኝም።

ባለፈው ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ወይዘሮ ጆሊን አገጫቸውን ለመሠራት መጡ። ከዚያ በፊት ባለው እሁድ፣ በቤተ ክርስቲያኑ የፓንኬክ ቁርስ ላይ፣ የቬርና እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሯል ብለው በሰው ፊት መናገራቸውን ያልሰማ አልነበረም። ሆኖም በከተማችን ሌላ ባለሙያ ስለሌለ መጡ። ወይዘሮ ቬርና ወንበሩን እያመቻቹላቸው፣ “ነይ ተቀመጪ ጆሊን፤ የሚንቀጠቀጠውን እጅ ዛሬ ታዪዋለሽ” አሏቸው። ሁለቱም ሳቁ። ወይዘሮ ጆሊን ይህን አሁን ዛቻ ነበር ይላሉ። እኔ ቆሜ ስሰማው ተረብ ነበር።

በሥራችን ቀጭን መርፌ ፀጉሩ በበቀለበት ቀዳዳ ይገባል፤ ደንበኛዋ ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ የብረት ዘንግ በእጇ ትይዛለች። ኤሌክትሪኩ በሁለቱ መካከል ሲያልፍ የፀጉሩን ሥር ያሟሟዋል፤ ፀጉሩም በወረንጦ ሲነካ ሳይጎተት ይወጣል። የዚያን ቀን ግን እንቢ አለ። ማሽኑ በዚያው ሳምንት የገባ አዲስ ማሽን ነበር። ወይዘሮ ቬርና ኃይሉን ጨመር አደረጉ፤ አሁንም እንቢ አለ። ወይዘሮ ጆሊን አመመኝ ብለው ተነሡ። ማታ አገጫቸው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወጣ፤ በማግስቱም ቬርና ቂም ይዛ ነቀሰችኝ ብለው ለፖሊስ አመለከቱ።

ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። መርፌ ቀለም የለውም፤ ታዲያ ጥቁሩ ከየት መጣ? ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ዝግ ስለነበር አሮጌውንና አዲሱን ማሽን ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው። በአሮጌው የመርፌው ገመድ የሚሰካው በግራ ነው፤ በአዲሱ በቀኝ ነው። ቀዳዳዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሚለያቸው ከሥራቸው ያለች የመደመርና የመቀነስ ምልክት ብቻ ናት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ መመሪያውን ያነበብኩት ያኔ ነው። ገመዱ ከተገለበጠ የመርፌው ብረት ራሱ እየሟሟ ቆዳ ውስጥ ይቀራል ይላል።

ማንበብ አላጠገበኝም። እግሬን አጥቤ መጀመሪያ በትክክል ሰክቼ ሞከርኩ፤ ፀጉሩ ከቅቤ ላይ እንደሚነሳ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ገመዶቹን ገለበጥኩ። ፀጉሩ አልነቃነቅ አለ፤ አቃጠለኝ፤ እስከ ምሳ ሰዓት ጥቁር ነጥብ ወጣ። አንድ ብቻ ከሆነ አጋጣሚ ነው ይሉኛል ብዬ ደገምኩት። እውነቱን ለመናገር ሁለተኛዋ ነጥብ ስትወጣ ደስ አለኝ። ደስታው ግን አልቆየም፤ አስተማሪዬ ተሳስተዋል ማለት ነውና።

ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄጄ ቅልጥሜን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩትና መርፌውን በጥሩ ጥልቀት አስገብተሻል አሉኝ። ይህን ለፖሊስ ልናገር ስላቸው ተቆጡ። “ክፉ ናት ይበሉኝ፤ ክፉ ሰው ደንበኛ አያጣም። ገመድ መሰካት አታውቅም ካሉኝ ግን ማን አገጩን ይሰጠኛል?” አሉ። ክፉ ናቸው ብለው እኮ ያስሩዎታል አልኳቸው። “ይሰሩኛ። አንቺ ግን ይህን ከተናገርሽ ወንበሬ አጠገብ እንዳትደርሺ” አሉኝ።

ስለዚህ ይህን ቃል የምሰጠው ሥራዬን እንደማጣ አውቄ ነው። ወይዘሮ ቬርና ማንንም ሆን ብለው አልጎዱም። ሠላሳ ዓመት በግራ የሰካ እጅ በግራ ሰካ፤ ሌላ ምንም የለም።

ዛሬ ጠዋት ወደ ጣቢያው ከመምጣቴ በፊት በእጄ የነበረውን የሱቁን ቁልፍ ልመልስ ገብቼ ነበር። ወይዘሮ ቬርና አልነበሩም። በአዲሱ ማሽን ላይ፣ በቀኙ ቀዳዳ ዙሪያ፣ ለእሁድ ብቻ በሚቀቡት ቀይ የጥፍር ቀለም ክብ ተሠርቶበታል። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ክቡ ቀጭን ነው፤ አንድም ቦታ አልተዛነፈም። ወይዘሮ ጆሊንም ሆኑ ፖሊስ ሄደው እንዲያዩት እጠይቃለሁ፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው እንዲህ አድርጎ አይቀባም። ቁልፉን ሳልመልስ ይዤው መጣሁ።

የተጻፈው ተነቦልኝ የተናገርኩት መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ ያየሁትንና በገዛ እግሬ የሞከርኩትን እንጂ የሰማሁትን እንዳየሁት አድርጌ አልተናገርኩም፤ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እጠየቃለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ኬርስቲን ላህቲ

ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ሮይ ኤሊንግሰን
ማስታወሻ፦ በምስክሯ ግራ ቅልጥም ላይ ያሉትን ሁለት ጥቁር ነጥቦች በዓይኔ አይቻለሁ። ቀዩንም ክብ በሱቁ ተገኝቼ አይቻለሁ፤ እንደተባለው ነው።