በርጩማው የማን ነው?

በቀደም ካዛንቺስ መሀል መኪናዬ ፍሪሲዮኗ ተቃጠለና አልንቀሳቀስም አለች። አስጎትቼ ኡራኤል፣ ጋሽ ደምሴ ጋራዥ ወሰድኳት። ጋሽ ደምሴ ከመጀመሪያዋ አሮጌ መኪናዬ ጀምሮ የሚያውቁኝ መካኒክ ናቸው። በቃ፣ ያኔ ሁለት ወር ሙሉ ሽሮ የሚያስበላኝን ዋጋ ሲነግሩኝ እዚያው የፈሰሰው ዘይት ላይ ዘጭ ብዬ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ በርጩማ ሳያቀርቡልኝ ዋጋ ነግረውኝ አያውቁም።

ያን ቀንም ከመኪናዋ ሥር ወጡ፣ እጃቸውን በጨርቅ ጠራረጉና በርጩማውን ሳብ አደረጉልኝ።

"ቁጭ በይ፣ ልጄ።"

ተቀመጥኩ። ዋጋውን ነገሩኝ። ከበፊቱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ እኔን ግን ያሳሰበኝ ነገ ሥራ በምን እንደምሄድ ብቻ ነው። ራሴን ታዘብኩት!

"አይዞሽ" አሉ ቶሎ ብለው፣ "ያገለገለ ፈልገን ለጊዜው..."

"አይ ጋሽ ደምሴ፣ አዲስ ይግጠሙላት። ፍሬኗንም አብረው ይዩልኝ" ብዬ ብድግ አልኩ።

ትክ ብለው አዩኝ።

"ሳትከራከሪኝ?" አሉና እኔ የተነሳሁበት በርጩማ ላይ እሳቸው ዘጭ አሉ።