የጋሽ ኖፕሮብሌም «ፋይት»

ዝናቡ ሳይታሰብ ዱብ ዱብ ማለት ሲጀምር ሶፋ ሠሪው ጋሽ ኖፕሮብሌም ሮጠው ከመድኃኒት ቤቱ በረንዳ ሥር ተጠለሉ። ቀድማቸው የደረሰች አንዲት ሴት ጃንጥላዋን ስታራግፍ ነበር፤ ዞር ስትል የእህታቸው ልጅ ሆና አገኟት። የእንግሊዝኛ መምህርት ናት፤ ባገኘቻቸው ቁጥር እንግሊዝኛቸውን ካላረምኩ ትላለች። በዚያ ቀን ከሰው ሁሉ ሊያገኟት ያልፈለጉት እሷን ነበር፤ ዝናብ ግን ሰው አይመርጥም።

ስለ ቅጽል ስማቸው ጥቂት እንበል። እኚህ ሰው ሞላው የተሰበረ ሶፋ ቢመጣላቸው፣ ጨርቅ ቢያጥራቸው፣ ጣሪያቸው ቢያፈስ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ኖ ፕሮብሌም»። ሰፈሩም በዚሁ አጠመቃቸው። እንግሊዝኛቸውን ከሬድዮና ከመንገድ የለቃቀሙት ነው። ትንሽ መሆኑን ከእሳቸው በቀር ሁሉም ያውቃል።

«አጎቴ፣ እንደምን ዋሉ? ምነው ፊትዎ ጠቆረ?»

«ኖ ፕሮብሌም» አሉ። ቀጥለውም ችግሩን ነገሯት።

ባለፈው ቀን አዲስ የሚከፈተው የእንግዳ ማረፊያ ኃላፊ፣ አንዲት የውጭ አገር ሴት፣ የማረፊያውን ወንበሮች ልታዝዝ ወደ ሥራ ቤታቸው መጥታ ነበር። ሥራው ከተገኘ ቤቱ ይተርፋል፤ ካልተገኘ ታናሽ ወንድማቸው ሌላ ከተማ ባለ የእንጨት ፋብሪካ ሊቀጠር ጓዙን መጠቅለሉ ነው። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ሲቆርጡ የኖሩ ናቸው።

«ታዲያ ሴትዮዋ ምን አለች?»

«ወንበሩን ወደደችው። ተቀምጣበት ሁሉ ሣቀች። በኋላ ግን ድንገት ፊቷ ተለዋወጠና 'አስብበታለሁ' ብላኝ ውልቅ። ያልገባኝ እሱ ነው።»

«በመካከሉ ምን ብለዋት ነበር?»

«እውነቱን ነው ያልኳት። እኔና ወንድሜ ዕድሜ ልካችንን ኑሮን አብረን የታገልን ሰዎች ነን አልኳት።»

«እንግሊዝኛውን እንዳለ ይንገሩኝ እስቲ።»

ጋሽ ኖፕሮብሌም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሚ ኤንድ ማይ ብራዘር፣ ኤቭሪ ደይ፣ ፋይት።»

መምህርቷ ከንፈሯን ነከሰች። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወንድሜ ከጓዳ ሚስማር ሲመታ ተሰማ። አሁንም ሥራ ላይ ነው ለማለት 'ናው ኦልሶ ፋይት' አልኳት። ወዲያው መዶሻው ስቶ አውራ ጣቱን አግኝቶት ኖሮ ጣቱን በቀይ ጨርቅ ጠምጥሞ ብቅ አለ። ሴትዮዋ ደነገጠች። እኔም እንዳትጨነቅ ብዬ 'ኖ ፕሮብሌም፣ ቱሞሮው አጌን' አልኳት።»

መምህርቷ ሣቋን ልትውጠው ሞከረች፤ አልተዋጠላትም። ጃንጥላዋ ከእጇ ወደቀ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አጎቴ። ሴትዮዋ የሰማችው ምን መሰለዎት? 'እኔና ወንድሜ በየቀኑ እንደባደባለን፤ ዛሬም ተደባድበናል፤ ነገም እንደግመዋለን።'»

ሽማግሌው የወደቀውን ጃንጥላ አንስተው ሰጧት። ነገሩ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ነውና ክርክሩን ጀመሩ።

«ይሄ የእናንተ የተማራችሁት ሰዎች ቅንጦት ነው። ፋይት ማለት ትግል ነው። በሬድዮ 'ፋይት ፖቨርቲ' ሲሉ በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ድህነትን በቡጢ ሊነርቱት ነው?»

«መልካም ጥያቄ ነው። ድህነት አፍንጫ የለውም፤ ስለዚህ በቡጢ ይመቱታል ብሎ የሚጠረጥር የለም። በሽታንም እሳትንም እንዲሁ 'ፋይት' ይሏቸዋል። ትንሹ አጎቴ ግን አፍንጫ አላቸው፤ አውራ ጣትም አላቸው፣ ያውም የታሰረ። ሁለት ሰው ጠርተው 'ፋይት' ካሉ ሰሚው ጠብ ነው የሚታየው።»

«ቢሆንስ ልጄ፣ ጠብ ጠብ ነው። ለአንድ ጠብ ስንት ስም ሊያወጡለት ነው?»

«እስቲ በራሳችን ቋንቋ ልጠይቅዎ። ዛሬ ጠዋት እርስዎና ባለቤትዎ ምን ላይ ነበራችሁ?»

«ጭቅጭቅ ላይ» አሉ ሳያስቡ።

«ድብድብ ላይ ነበሩ ብዬ ላውራ?»

«ምን በወጣን። ጭቅጭቅ የአፍ ነው፤ ድብድብ የእጅ ነው። ግብግብ መተናነቅ አለበት። ክርክር የሐሳብ ነው፤ ሙግት ዳኛ ፊት ነው። ኩርፊያ ደግሞ የዝምታ ነው፤ እሱ ከሁሉም ይከፋል። ይህን ማን ያምታታዋል?»

ሽማግሌው የጠብን ዘር ማንዘር እንዲህ እየቆጠሩ ሲለዩ ራሳቸውን በራሳቸው መርታታቸውን አላወቁም ነበር። ሰው በገዛ አፉ ሲረታ ደግሞ ቂም አይዝም፤ የሚቀየመው የለምና። ብልህ አስተማሪም ተማሪውን የምትረታው በራሱ ምስክርነት ነው።

«የእነሱም እንደዚሁ ነው፣ አጎቴ» አለች መምህርቷ። «'አርጊው' የአፍ ክርክርና ጭቅጭቅ ነው፤ እጅ የለበትም። 'ኳረል' ኩርፊያ የሚያስከትል መቀያየም ነው። 'ፋይት' ለአፍም ጠብ ይሆናል፤ የታሰረ ጣት አጠገቡ ካለ ግን ማንም አፍ ነው አይልም። 'ባትል' አንድ ውጊያ ነው፤ 'ዋር' ሙሉ ጦርነት። የኑሮ ትግል 'ስትራግል' ይባላል። እርስዎ የፈለጉት እሱን ነበር።»

«ስትራግል» አሉ፤ ቃሉን እንደ አዲስ ጨርቅ እያገላበጡ።

«ትንሿንም ቃል አይናቋት። 'ፋይት ዊዝ ማይ ብራዘር' ሲሉ ከወንድሜ ጋር ተደባደብኩም፣ ከወንድሜ ጎን ተሰልፌ ተዋጋሁም ሊሆን ይችላል። 'ፋይት ፎር ማይ ብራዘር' ካሉ ግን ስለ ወንድሜ እታገላለሁ ነው።»

ጋሽ ኖፕሮብሌም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ስይዝ ሁለተኛውን ብቻ ነው ለካ የተማርኩት። በይ ነይ፣ አብረን እንሂድና አንድ መላ እንምታ።»

ዝናቡ ሲያባራ ሥራ ቤቱ ደረሱ። እዚያም ያላሰቡት ነገር ጠበቃቸው። ሴትዮዋ የቁስል ማሸጊያ ይዛ ከታናሽ ወንድማቸው ፊት ተቀምጣለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ወንድምህ ይመታሃል?» ስትል በእንግሊዝኛ ትጠይቀዋለች። እንግሊዝኛ ከነጭራሹ የማያውቀው ታናሽየው የተጠየቀው ስለ ሚስማር መስሎት ራሱን በደስታ እየነቀነቀ፣ በባዶ እጁ መዶሻ ሲያነሳ ያሳያታል። ያለ ሽማግሌ የመጣች አስታራቂ ነበረች።

መምህርቷ ልታስረዳ አፏን ስትከፍት አጎቷ እጃቸውን አነሱ። «ተይ፣ ያበላሸሁትን ራሴ ላቃና።»

ወደ ሴትዮዋ ቀረቡ። «ማዳም። አርጊው፣ ኤቭሪ ደይ። ኳረል፣ ሳምታይምስ። ፋይት፣ ኔቨር። ላይፍ፣ ስትራግል።» መዶሻውን አንስተው ወደ ታሰረው ጣት ጠቆሙ። «ፋይት፣ ዚስ ኤንድ ዚስ።» ከዚያ እጃቸውን በወንድማቸው ትከሻ ላይ አሳረፉ። «አይ ፋይት ፎር ሂም።»

ሴትዮዋ አንዴ መዶሻውን፣ አንዴ ጣቱን አየችና ሣቋ ቤቱን ሞላው። መምህርቷ የቀረውን አስረዳቻት። ሴትዮዋም ያንኑ የወደደችውን ወንበር ስባ ተቀመጠችና ጨርቅ ማማረጥ ጀመረች። ወንበሮቹ ሁሉ እዚያ ቤት እንዲሠሩ ተስማሙ፤ የታናሽየው ጓዝም ሳይጠቀለል ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ቤቱ ትምህርት ቤት ሆኗል። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊም፣ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ የምትሠራዋም ሴት ባላለቁት ሶፋዎች ላይ ተደርድረው ከመምህርቷ እንግሊዝኛ ይማራሉ። ቋንቋን በግምት መናገር ሥራ ያሳጣል፤ አስተካክሎ መናገር ግን እንጀራ ያወጣል፣ የማይተዋወቅ ሰው ያቀራርባል። ሸምግያለሁና አልማርም የሚል ቢኖር ጋሽ ኖፕሮብሌምን ይጠይቅ።

የዚያን ዕለት ሴትዮዋ ከወጣች በኋላ ግን ታናሽ ወንድማቸው መዶሻውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ መጨረሻ ላይ ስለ እኔ ምን አልካት?»

«ስለ እሱ እታገላለሁ አልኳት።»

ታናሽየው የታሰረ ጣቱን አየ።

«እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ ነግረኸኝ አታውቅም።»

«ቃሉን ገና ዛሬ መማሬ ነው» አሉ ጋሽ ኖፕሮብሌም፤ ዓይናቸው እንባ አቅሮ ነበር።