የአርብ ሰም

ከቪዲኮን ሰፈር በተሳፈርኩበት ትራም ውስጥ አንድ አባትና ወጣት ልጁ በሩ አጠገብ ቆመው ነበር፤ እኔ ከፊታቸው ተቀምጫለሁ። ልጅቷ የተቧጠጠ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪዋን አቅፋለች።

«አዲስ ልገዛ ነው አባዬ። ከሥሩ ያለው ሶሉ ርካሹ ፕላስቲክ የሆነውን።»

«ለምን ርካሽ? የሚፈጥነው ውዱ አይደል?»

«የምንዘልበት የስኪ ፓርክ ውስጥ እኮ ከበረዶው ይልቅ እዚያ የተተከለው ብረት ላይ ነው የምንንሸራተተው። ውዱን ብረቱ ይልጠዋል። ርካሹ ግን ቢጫርም በቀላሉ ይደፈናል።»

«እንዲፈጥን ከሥሩ የምንቀባው ሰሙስ?»

«ብዙም አይፈልግም። አንተም ትገላገላለህ። ሸሚዝ በምትተኩስበት ካውያ ሰም እያቀለጥክ ስንቱን ሸሚዝ አበላሸህ!»

አባትየው አልሳቀም።

«ከእናትሽ ዘንድ፣ ከጄኔቫ፣ አርብ አርብ የምትመጪው ሰም ልንቀባ አልነበረም?»

«የባቡሩ መንገድ ሩቅ ነው አባዬ። ትምህርቱም በዛ።»

«እሱስ ልክ ነሽ።»

ትራሙ ቆሞ ሰው አወረደ፤ እንደገና ተነሳ።

«ይሄን አሮጌውን አልጥለውም» አለች። «አንተ ጋ ይቀመጥ። አርብ እየመጣሁ እንቀባዋለን።»

«የማትንሸራተቺበትን?»

«አዎ።»

ፌርማታዬ ገና ነበር፤ ግን ለብቻቸው ልተዋቸው ብዬ ትራሙ ሲቆም ተነስቼ በሌላኛው በር ወረድኩ።