የከማል አሚን

ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ጎረቤታሞች ከፊቴ ተቀምጠዋል። ታናሽየው ደሴ የገዛውን ተች ስልክ ከነካርቶኑ ጭኑ ላይ ይዟል።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ቀንቼ አይደለም። ግን ልጄ ከማል ያን የስልክ አፕ ሲሠራ ለምን በእርስዎ ሞከረው?»

«ወጣትና ሽማግሌ የሚነጋገሩበት ነው አለኝ። እኔ ደግሞ ሽማግሌ ነኝ።»

«እኔስ?»

«ያንተ ስልክ ባለ ቁልፍ ስለሆነ አይቀበለውም አለ።»

«ሽማግሌው በድምፁ ካልመረቀ፣ ልጁም አሚን ካላለ አይከፈትም አሉ።»

«አዎ፣ እንደ አገራችን ወግ ነው ያደረገው።»

«ታዲያ የእኔ ምርቃት ምን ጎደለው? ማታ ሲገባ ሰላም ይለኝና ክፍሉን ይዘጋል። ከዚያ ለእርስዎ አሚን ሲል በግድግዳው እሰማለሁ። ወልጄ አሳድጌ አሚኑ ለእርስዎ ሆነ።»

«አብሽር፣ ሰይድ።»

«ምን አብሽር ይሉኛል። ይኸው ገዛሁ፣ እኔም እገባበታለሁ።»

«ትናንት ከማል ምን ብሎ እንደጠየቀኝ ልንገርህ?»

«ይንገሩኝ እስኪ።»

«አባቴ ፊት ስቀርብ ቃል ይጠፋኛል፣ ወሬ በምን ልጀምርለት አለኝ።»

ሰይድ ካርቶኑን ወደ ደረቱ ሳብ አደረገው።

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«መርቄው ስልኩን ዘጋሁት። አባቱ አንድ ቤት እያለ እኔ ምን ቤት ነኝ።»

ሐይቅ እስክንገባ ድረስ የአባቴን ቁጥር ስልኬ ላይ አውጥቼ ሳልደውል እያየሁት ሄድኩ።