ባለ ሚስማሯ ሸበጥ

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ ወደ ፓርክላንድስ በሚሄድ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ታክሲ ተሳፈርኩ። ከፊቴ የማይተዋወቁ ሁለት ሴቶች በአማርኛ ያወሩ ነበር፤ አንዷ ወጣት ናት፣ ሌላዋ በዕድሜ የገፉ እናት።

«እማማ፣ ነጠላ ጫማዎ ግራና ቀኙ እኩል አይደለም።»

«ነጠላ ጫማ የምትሉት እናንተ አዲስ አበቤዎች ናችሁ። እኛ አሰብ ሳለን ሸበጥ ነበር የምንለው።»

«ሞምባሳ ደግሞ ፓቲፓቲ ይሉታል።»

«የልጅ ልጆቼ ስሊፐርስ ይላሉ። አባቴ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ከመኪና ጎማ የተሠራ በርባሶ አድርጎ ነው የኖረው። ያኔ ሸበጥ ያደረገ ሰው ዘመናዊ ነበር።»

«ግን የግራው ሰፍቶብዎታል። የወንድ ይመስላል።»

«እውነትሽን ነው፤ ይሄ የእኔ አይደለም።»

«ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተቀያይሮ ነዋ። አውልቀን ስንገባ የሁሉም ሰው ሰማያዊ ነበር።»

«የእኔዋ ከሥሯ ሚስማር አላት። ማሰሪያዋ ሲነቀል ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በሚስማር አጥብቆልኝ ነበር።»

«ታዲያ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ወርደን እንመለስ?»

«ተይው ልጄ። የወሰደው ሰው ይሄኔ ሚስማሩ እየወጋው ነው። ባለቤቴም በሕይወት ሳለ እንዲሁ ነበር፤ ሰው ሳይጎነትል አያልፍም።»

ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

እኔም ከቤተ ክርስቲያኑ በር ጀምሮ ሲወጋኝ የነበረውን የግራ እግሬን ሸበጥ ቀስ ብዬ አወለቅኩና በወንበሩ ሥር ወደ እማማ እግር ገፋሁት።