ከመካነ ብርሃን የመጣችው ምስክር

ክቡራትና ክቡራን የዐቃቤ ሕግ ቢሮ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ሥራችሁን አቋርጣችሁ ልትሸኙኝ ስለተሰበሰባችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ጋቢውንም ወድጄዋለሁ። ግን ባሕር ዳር ለሚሄድ ሰው የደባርቅን ብርድ የሚችል ጋቢ መስጠት የማን ሐሳብ ነው? ላቤ ሲንቆረቆር አስታውሳችኋለሁ።

ብዙዎቻችሁ «ዘቢደር፣ ለዶክትሬት ስትሄጂ ለምን የምስክሮችን ጥበቃ መረጥሽ?» ብላችሁኛል። ዛሬ ልንገራችሁ።

ከመካነ ብርሃን የመጣችውን ሴት ታስታውሷታላችሁ። ስሟን አልጠራም። ጎረቤቷ በእርሻ ድንበር ጠብ ሲገደል ያየች እሷ ብቻ ነበረች። ችሎት ከመግባቷ በፊት እጄን ያዘችኝ።

«እኔስ እናገራለሁ። ተናግሬ በገዳዩ ዘመዶች መሃል የት ልኑር?» አለችኝ።

ለሚመለከተው ሁሉ ጮኽን፤ መኪናም በጀትም የለም ተባልን። እሷ ግን ገብታ ድምጿ ሳይንቀጠቀጥ መሰከረች። ገዳዩ ተፈረደበት። ኢንስፔክተር አንዱዓለም በእረፍታቸው እስከ ቡይት ራስ ሸኝተው ወደ መንደሯ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ አሳፈሯት።

ብዙም ሳይቆይ ቤቷ ተቃጠለ። አመዱ ውስጥ ሰው አልተገኘም። ሌላም ቦታ አልተገኘችም።

ከዚያ ወዲህ የችሎቱ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ። አንድ የገበያ ቀን ከኋላዋ አይቻት ሮጥሁ። ትከሻዋን ስነካት የማላውቃት ሴት ዞረች። ደንግጣ «ምን አጠፋሁ?» አለችኝ።

የጥናቱን ወጪ የሚሸፍንልኝ ስፈልግ የመጀመሪያዎቹ ለጋሾች «በፓርኩ ሕገወጥ የዋልያ አደን ላይ አጥኚ፤ ሙሉውን እንችላለን። የምስክር ነገር ለጋሽ አያገኝም» አሉኝ። እናንተም «ዋልያም እኮ ሟች ነው፤ ተቀበይ!» ብላችሁ አሳቃችሁኝ። እምቢ አልሁ።

በዓመቱ ሌላ ተቋም በኢንተርኔት ቃለ መጠይቅ አደረገልኝ። አንዲት አዛውንት ፕሮፌሰር «ሴትዮዋ አሁን የት ናት?» አሉኝ። «አላውቅም» አልኋቸው።

«እንግዲያው ይህንኑ አጥኚ» አሉ። ገንዘቡ ተፈቀደልኝ።

ባለፈው እሑድ የዚያች ምስክር አጥቢያ መሪጌታ፣ የኔታ ሃብተ ጊዮርጊስ፣ ከወረዳዋ ከጃናሞራ መጥተው አገኘኋቸው።

«የኔታ፣ በሕይወት አለች?»

መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ኋላቸው ገልመጥ አሉ።

«ልጄ፣ ብትኖርም አልነግርሽ፣ ብትሞትም አልነግርሽ። የሚፈልጓት አንቺ ብቻ አይደለሽም።»

ይህንን ይዤ ነው የምሄደው።

እናንተን ጤና ይስጥልኝ፤ ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልኝ። እውነት የተናገረ ሰው ቤቱ ገብቶ፣ መብራቱን አጥፍቶ፣ የውሻ ጩኸት ሳያባንነው የሚያድርበትን ዘመን ያሳየን። ደህና ሁኑልኝ።